ታንከሩ ሲሞላ የማይነሳው ቦርድ፦ ከደምበጫ አካባቢ አንድ የቡትሎደር ጉዳይ ጥናት

ከደምበጫ ወጣ ብሎ አንድ ኮረብታ ላይ የኮንክሪት የውሃ ታንከር አለ። ጥልቅ ጉድጓዱና ፓምፕ ቤቱ ታች ሜዳው ላይ ናቸው። ፓምፑ ውሃውን ወደ ታንከሩ ይገፋል፤ ከታንከሩ ወደ ቦኖውና ወደየቤቱ በራሱ ይወርዳል። ከታንከሩ ጎን በተሰቀለች የብረት ሳጥን ውስጥ አንድ ትንሽ ቦርድ ተቀምጧል። ሥራው የውሃውን ከፍታ አንብቦ ለፓምፕ ቤቱ በሬዲዮ መንገር ነው። ጎደለ፣ አስነሳ። ሞላ፣ አቁም። ቦርዱ ዝም ካለ ፓምፑ አይነሳም። ይህ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ ታንከሩ ሞልቶ እየፈሰሰ ፓምፑ ሌሊቱን ሙሉ እንዳይሠራ።

ችግሩ የጠናው በክረምት ነው። ከሰኔ ጀምሮ ነጎድጓድ ሲበዛ መብራት ሄደ መጣ ይላል። መብራቱ ሲመለስ ቦርዱ አንዳንዴ ወዲያው ይነሳል፣ አንዳንዴ ጭራሽ አይነሳም። ካልተነሳ ያለችው ውሃ ታልቃለች፤ ጠዋት ቦኖው ጋ ጀሪካን ተደርድሮ ሰው ይቆማል። ከዚያ ኦፕሬተሩ ፓምፑን በእጁ ያስነሳል፣ ጥበቃው ደግሞ ኮረብታው ላይ ሆኖ «ሞልቷል» ብሎ ይደውልለታል።

ሠራተኞቹ የራሳቸውን መድኃኒት አግኝተውለት ነበር። ብሬከሩን አጥፍቶ ቦርዱን ለሰዓታት ማሳረፍ። ማታ ላይ ሲያበሩት ይነሳል። ስለዚህ «ይሞቃል፣ ዕረፍት ይፈልጋል» የሚለው የሁሉም እምነት ሆነ። መድኃኒቱ በእርግጥ ይሠራል። የሚሠራበት ምክንያት ግን ሌላ ነው፤ ይህን ጉዳይ ለመጻፍ ያነሳሳኝም እሱ ነው።

እኔና ባልደረባዬ ደብረ ማርቆስ ሆነን እንዲህ ያሉ ቦርዶችን እንጠግናለን። ቦርዱ ሲመጣልን እንደ ልማዳችን ከኃይሉ ጀመርን። አዳፕተሩ 12 ቮልቱን በደንብ ይሰጣል። የ3.3 ቮልቱ መስመር ንጹሕ ነው። ያበጠ ካፓሲተር የለም። ጠረጴዛ ላይ ደጋግመን አጠፋን፣ አበራን፤ ሁሌም ተነሳ። በፀጉር ማድረቂያ አሞቅነው፤ ንቅንቅ አላለም። ሱቅ ሲመጣ ደህና ሆኖ ቦታው ሲመለስ የሚያምፅ ዕቃ ካለ፣ ብልሽቱ ያለው ሱቅ ባልመጣው ነገር ውስጥ ነው። ስለዚህ ወደ ኮረብታው ወጣን።

ነገሩን የፈታው ጥበቃው ነው። ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ሰው ናቸው። ሳጥኑን እየከፈትን ሳለ ጠየቅኳቸው።

«አያ፣ ይህ ነገር መቼ መቼ ነው የሚያስቸግረው?»

«እኔ ማሽን አላውቅም ልጄ» አሉ። «ግን ታንከሩ ውሃ ካለው፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ አይነሳም። ውሃው አልቆ ወለሉ ሊታይ ሲል ከሆነ ወዲያው ነው የሚነሳው።»

«እንዴት አወቁ?»

«ሁልጊዜ ደረጃውን ወጥቼ በክዳኑ አያለሁኛ! ይህንን ለስንቱ ነገርኩት።»

ባልደረባዬ ዞር ብሎ አየኝ። የውሃ መኖርና የኮምፒውተር መነሳት ምን ያገናኛቸዋል? ግን እኚህ ሰው ታንከሩን ክረምት ከበጋ ያዩታል። እኛ ያየነው ለጥቂት ሰዓት ነው። የሳቸውን ቃል ይዘን መፈለግ ጀመርን።

እዚህ ላይ የሳጥኑን ሽቦ ማወቅ ያስፈልጋል። ቦርዱ ላይ ለውጭ የወጣው ሲሪያል ፖርት (ዳታ በአንድ ሽቦ ተራ በተራ የሚገባበትና የሚወጣበት ማገናኛ) አንድ ብቻ ነው። ሳጥኑን የገጣጠመው ባለሙያ የከፍታውን ሴንሰር ያሰረው እዚያው ላይ ነው፤ ሌላ ቦታ አልነበረውም። የቦርዱ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሆነው ሊኑክስም ያንን ፖርት ለራሱ መልእክት እንዳይጠቀምበት አድርጎታል፤ እስከዚህ ድረስ በደንብ የታሰበ ሥራ ነው። ሴንሰሩ የአልትራሳውንድ ነው። ከታንከሩ ክዳን በላይ ባለች አጭር ቱቦ ላይ ተሰቅሎ ወደ ታች ድምፅ ይለቃል፤ ማሚቶው እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ ለክቶ እስከ ውሃው ያለውን ርቀት በሚሊሜትር ይልካል። ማንም ሳይጠይቀው፣ በሰከንድ ደጋግሞ ይልካል። የሚልከው ባዶ ቁጥር ነው። አራት አኃዝ፣ ከዚያ አዲስ መስመር። ከፊቱ ፊደል የለ፣ ምልክት የለ።

የሴንሰሩ ሽቦ ወደ ቦርዱ መቀበያ እግር ይገባል። የቦርዱ መላኪያ እግር ግን ባዶ ነበር። ላፕቶፑን እዚያ ላይ አገናኘነው፤ ለመስማት ብቻ፣ በ57600 ፍጥነት። ከዚያ ብሬከሩን አጥፍተን አበራን።

ስክሪኑ ላይ መጀመሪያ የቡትሎደሩ ስም መጣ፤ ቡትሎደር ቦርዱ ሲበራ ቀድሞ የሚሮጥና ሊኑክስን የሚያስነሳ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ቀጥሎ ምርጫዎች ዘረዘረ። 1 ከኔትወርክ አምጥቶ ራም (ኃይል ሲጠፋ የሚጠፋው ጊዜያዊ ማስታወሻ) ላይ መጫን። 2 ከኔትወርክ አምጥቶ ፍላሽ (ኃይል ቢጠፋም የማይጠፋው ማስታወሻ) ላይ መጻፍ። 3 ፍላሽ ላይ ያለውን ማስነሳት። 4 ትእዛዝ መስጫ። 9 ራሱን ቡትሎደሩን መቀየር። ከዚህ በኋላ ጥቂት ሰከንድ ቆጥሮ፣ ማንም ካልነካው 3ን ወስዶ ሊኑክስን ማስነሳት ነበረበት። ቆጠራው ገና ሲጀምር ግን «1 መርጠዋል» አለ። ማናችንም ምንም አልነካንም። ቀጥሎ የኔትወርክ አድራሻ ጠየቀ። ከጥያቄው አጠገብ ቁጥሮች በራሳቸው ይጻፉ ጀመር፦ 1412፣ 1412፣ 1413።

ያን ጊዜ ሁሉም ቁልጭ አለ። በዚያች ሰዓት ውሃው ከሴንሰሩ የሚርቀው 1 ሜትር ከ41 ሳንቲሜትር ነው። ታንከሩ ሙሉ ነው። ሴንሰሩ «1412» ሲል ቡትሎደሩ የመጀመሪያዋን አኃዝ ሰው እንደነካት ቁልፍ ቆጠራት። 1 ተመረጠ። ውሃው ሲጎድል ርቀቱ 2 ሺህዎቹ ውስጥ ይገባል፤ ያኔ 2 ይመረጣል። 2 ደግሞ «ፍላሹ ላይ ያለው ይደመሰሳል፣ እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ የእሺታ ፊደል ይጠብቃል። የሚመጣለት ቁጥር ነው። ተሰርዟል ብሎ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል፣ እንደገና 2፣ እንደገና ተሰርዟል። ታንከሩ ሊያልቅ ሲል ርቀቱ 3 ሺህዎቹ ውስጥ ይገባል። 3 ደግሞ ትክክለኛው ምርጫ ነው፤ ሊኑክስ ይነሳል።

ጥበቃው ያሉት ቃል በቃል እውነት ነበር። የ«ማሳረፉ» መድኃኒትም ተፈታ። ቦርዱ ጠፍቶ ሲውል ሕዝቡ ውሃውን እየቀዳ ርቀቱን ወደ 3 ሺህ ያደርሰዋል፤ ማታ ሲበራ ይነሳል። የእኛ ጠረጴዛ ላይ ሁሌም የተነሳው ሴንሰር ስላልነበረው ነው። ሴንሰሩ ፊደል የሚልክ ዓይነት ቢሆን ኖሮ ምን ሊከተል ይችል እንደነበር ሳስበው አሁንም ያስደነግጠኛል። የእሺታዋ ፊደል አንዴ ብትመጣ ቡትሎደሩ ያለ ማንም ፈቃድ ሊኑክሱን ይደመስሰው ነበር።

የት ይጠገን?

ቀላሉ መንገድ ሽቦው ላይ መሥራት ነው። እንደ ማብሪያ ማጥፊያ የምታገለግል አንዲት ትራንዚስተር ጨምሮ፣ ሊኑክስ ከተነሳ በኋላ ብቻ የሴንሰሩ ቃል እንዲያልፍ ማድረግ። ይህ መጥፎ ሐሳብ አይደለም። ችግሩ ይህ ብቻ ቢሆን እሱኑ እመርጥ ነበር። ሴንሰሩን ማስተካከል አይቻልም፤ በሙጫ የታሸገ ነው፣ ፍጥነቱም አላላኩም አይቀየርም። «ባትሪ ጨምሩበት» ያለም ነበር። ባትሪ ግን ችግሩን ለሌላ ቀን ያስተላልፋል እንጂ አያጠፋውም፤ መብራት ረዘም ላለ ጊዜ ሲጠፋ ባትሪውም ያልቃል፣ ሲመለስ ያው ነው።

ወደ ቡትሎደሩ የገፋን ሁለተኛ ጉዳይ ነው። መብራቱ ሲንቀጠቀጥ ቦርዱ አንዳንዴ ምርጫው ጋ ሳይደርስም ደርቆ ይቀር ነበር። ፕሮሰሰሩ ውስጥ ዋችዶግ የሚባል ቆጣሪ አለ። ሶፍትዌሩ በየጊዜው ካላደሰው ቦርዱን ራሱ ሪሴት ያደርገዋል፣ እንደገና ያስነሳዋል ማለት ነው። የድሮው ቡትሎደር ይህን ቆጣሪ አያስጀምረውም፤ የሚያስጀምረው ሊኑክስ ነው። ስለዚህ ከሊኑክስ በፊት የደረቀ ቦርድ ሰው መጥቶ እስኪያጠፋው ድረስ እንደደረቀ ይኖራል። ትራንዚስተሯ ለዚህኛው ምንም አታደርግም። በዚያው መስመር እስከ ፍኖተ ሰላም ድረስ ያው ቦርድ ያላቸው ሌሎች ታንከሮችም አሉ።

የነበረው ቡትሎደር ዩ-ቡት ነው፤ የቦርዱ ሻጭ የራሱን ምርጫዎች የጨመረበት። ዩ-ቡት በነፃ የሚገኝ ሶፍትዌር ነው። ጀርመናዊው ቮልፍጋንግ ዴንክ ከጀመረው ፒፒሲቡት ከሚባል ሥራ ተነስቶ፣ ይህን ስም በ2002 እ.ኤ.አ. አገኘ። ዛሬ ከራውተር እስከ ፋብሪካ መቆጣጠሪያ ድረስ የሌለበት የለም። የእኛው ቦርድ ላይ የተጻፈው 1.1.3 ይላል፤ ይህ በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። ከ2008 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወዲህ ዩ-ቡት ስሪቶቹን በዓመትና በወር ስለሚሰይም፣ እንዲህ ያለ ቁጥር ሲታይ ብቻ ዕድሜው ይታወቃል። ሻጩ ጋ ጻፍን፤ አዲስ ስሪት የለኝም አለ። የፕሮሰሰሩ ድጋፍ ግን በዋናው የዩ-ቡት ኮድ ውስጥ አለ። ከዚያ ተነስተን የራሳችንን መሥራት ነበረብን።

ከአዲሱ የፈለግነው ጥቂት ነገር ነው። በማንኛውም ቁልፍ እንዳይቆም፤ የሚያቆመው እኛ የመረጥነው አንድ የፊደላት ቃል ብቻ እንዲሆን። ይህ በዩ-ቡት ውስጥ ተዘጋጅቶ ያለ ምርጫ ነው። ሴንሰሩ ዓመት ሙሉ ቁጥር ቢልክ ያን ቃል አይጽፈውም። መቆያ ሰዓቱን የሚወስነውን ቡትዲሌይ ከዜሮ በታች 2 ማድረግም ይቻላል፤ ያኔ ምንም ቁልፍ ሳያይ በቀጥታ ይነሳል። ግን እኛ ራሳችን መግባት ስንፈልግ በሩ ይዘጋብናል፤ ለዚህ አልወደድነውም። ከዚያ ዋችዶጉ ከመጀመሪያው ቅጽበት ይጀምር። እዚህ ላይ አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ፦ ዩ-ቡት ትእዛዝ መስጫው ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ዋችዶጉን ራሱ ያድሰዋል። ስለዚህ ዋችዶግ ብቻውን እዚያ ከቆመ ቦርድ አያድንም። ለዚያ ሌላ ምርጫ አለ፤ ለተወሰነ ጊዜ ትእዛዝ ካልመጣ በራሱ እንደገና እንዲነሳ የሚያደርግ። እሱንም ጨመርን።

ፍላሹ ላይ ምን አለ?

ሁሉም ነገር ያለው ደብልዩ25ኪው128 በሚባል ባለ 8 እግር ቺፕ ላይ ነው። 16 ሜጋባይት ይይዛል። የመጀመሪያው 192 ኪሎባይት የቡትሎደሩ ነው። ቀጥሎ ያለው 64 ኪሎባይት የቡትሎደሩ ቅንብር። ከዚያ ሌላ 64 ኪሎባይት፣ ፋብሪካ የሚባለው ክፍል። የቀረው ሁሉ የሊኑክስ ነው።

ያ የፋብሪካ ክፍል በጣም መጠበቅ አለበት። የዚያ ቦርድ ብቻ የሆነው የኔትወርክ መለያ ቁጥርና የሬዲዮው ልኬት እዚያ ነው ያለው። ልኬቱ እያንዳንዱ ቦርድ ሲሠራ ተለክቶ የተጻፈ ነው፤ ከኢንተርኔት ወርዶ አይገኝም። ብዙ ሰው ጤነኛ ቦርድ ላይ ያለውን 16 ሜጋባይት እንዳለ ገልብጦ ሌላው ላይ ይጭናል። ቦርዱ ይነሳል፣ ደስ ይላል። ግን ሁለቱ ቦርዶች አንድ መለያ ይዘው አንድ ኔትወርክ ላይ ይጣላሉ፤ የተገለበጠበትም ሬዲዮ በሌላ ሰው ልኬት እየሠራ ሲግናሉ ይደክማል። ኮረብታ ለኮረብታ ለሚነጋገር ሬዲዮ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የፍላሽ አጻጻፍም የራሱ ጠባይ አለው። ባዶ ሲሆን ቢቶቹ ሁሉ 1 ናቸው። መጻፍ 1ን ወደ 0 ይለውጣል እንጂ 0ን ወደ 1 አይመልስም። 0ን ወደ 1 የሚመልሰው መደምሰስ ብቻ ነው፤ መደምሰስ ደግሞ በጅምላ ነው፣ ቢያንስ 4 ኪሎባይት በአንዴ። እንደ ጥቁር ሰሌዳ አንዷን ፊደል ብቻ ጠርጎ ማረም የለም። ስለዚህ ቡትሎደር በተቀየረ ቁጥር አሮጌው ጠፍቶ አዲሱ ገና ያልተጻፈበት ጊዜ መኖሩ ግድ ነው። በዚያ መሃል ኃይል ከጠፋ ቦርዱ ሲበራ የሚያነበው ነገር አያገኝም። ሊኑክሱ ደህና ነው፣ ፋይሉ ሁሉ አለ፣ የሚያስነሳው ግን የለም።

ያ ጊዜ ግን ሰው እንደሚፈራው ረጅም አይደለም። 192 ኪሎባይት ማለት ባለ 64 ኪሎባይት ሦስት ብሎክ ነው። የቺፑ ሰነድ ለአንድ ብሎክ መደምሰሻ ከአንድ ሰከንድ በታች የሆነ የተለመደ ጊዜ ይሰጣል። መጻፉም በ256 ባይት ገጽ እየተከፋፈለ ፈጥኖ ያልቃል። ጠቅላላው ጥቂት ሰከንድ ነው። ቀኑን የሚወስደው ከዚያ በፊት ያለው ዝግጅት ነው፤ መውሰድም አለበት።

ዝግጅቱና ሙከራው

አዲሱ ቡትሎደር ተሠርቶ ሲወጣ ከ192 ኪሎባይቱ አለፈ። 196,608 ባይት፣ ከዚያ አንድ ባይት መብለጥ የለበትም። ብንጽፈው ትርፉ የቅንብሩን ቦታ ይበላል። የማንፈልገውን አወጣን፤ ዩኤስቢውን፣ የማንጠቀምባቸውን የፋይል ሲስተሞች፣ ብዙ ትእዛዞች። ተመችቶ ገባ። መነሻ ቅንብሩንም እዚያው ውስጥ አስገባነው። ዩ-ቡት ቅንብሩን ሲያነብ የሲአርሲ ቁጥሩ (ዳታው አለመበላሸቱ የሚረጋገጥበት ስሌት) ካልገጠመለት ይተወውና ውስጡ የተጻፈውን መነሻ ይወስዳል። የድሮው ቅንብር በመጠንም በይዘትም ለአዲሱ ስለማይሆን ይህ እንደሚሆን ግልጽ ነበር። መነሻው ሊኑክሱ ፍላሹ ላይ ከየት እንደሚጀምር ካላወቀ ቡትሎደሩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ የሚያስነሳው ያጣል።

ከዚያ ባክአፕ። ቦርዱ ሊኑክስ ላይ እያለ እያንዳንዱን የፍላሽ ክፍል ወደ ላፕቶፑ ቀዳን፤ ደግመን ቀድተን የሁለቱን ሃሽ (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ መለያ ቁጥር) አመሳከርን። ሁለቱ ካልተመሳሰሉ ያ ባክአፕ አይባልም። እያንዳንዱ ፋይል የቦርዱን መለያ በስሙ ይዞ ነው የተቀመጠው።

ለክፉ ቀን ደግሞ ክሊፕና ሲኤች341ኤ የሚባለው ርካሽ ፕሮግራመር አለ። ክሊፑ ቺፑን ሳይነቀል ስምንቱን እግር ይይዛል፣ ከላፕቶፑ ፍላሽሮም በሚባለው ፕሮግራም ይጻፍበታል። ስለ ፕሮግራመሩ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በየገበያው የሚሸጠው ጥቁሩ ዓይነት፣ ቺፑን በ3.3 ቮልት እያጎረሰም ቢሆን የዳታ መስመሮቹን በ5 ቮልት የሚያወጣ ብዙ አለ። ይህ ፍላሽ ከ3.6 ቮልት በላይ አልተሠራም። በመልቲሜትር ሳይለኩ ክሊፑን አያሳርፉ። ደግሞ ክሊፑ ኃይል ሲሰጥ ፕሮሰሰሩም አብሮ ይነቃና ከፕሮግራመሩ ጋር ፍላሹን ይሻማል፤ ፕሮሰሰሩን በሪሴት ይዞ ማቆየት ያስፈልጋል።

አዲሱን መጀመሪያ ያስነሳነው ራም ላይ ነው፤ ፍላሹ ሳይነካ። ሴንሰሩን ነቅለን፣ በድሮው ቡትሎደር ምርጫ 4 ገብተን፣ ፋይሉን በሲሪያል ላክንለት። በ57600 ፍጥነት ከግማሽ ደቂቃ በላይ ይፈጃል። «ጎ» የሚለውን የማስጀመሪያ ትእዛዝ ስንሰጠው አዲሱ ዩ-ቡት ተነሳ፣ ፍላሹን አወቀው፣ ሊኑክሱን አግኝቶ አስነሳው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ረክቶ ወደ መጻፍ ይሄዳል። ይህ ሙከራ ግን አንድ ትልቅ ነገር አይፈትሽም። ቦርድ ሲበራ ራሙ ገና አልተዘጋጀም። ከፍላሹ ተነቦ ራሙን የሚያዘጋጀው የቡትሎደሩ የመጀመሪያ ቁራጭ ነው። ራም ላይ ስንሞክር ያን ሥራ የድሮው ቡትሎደር ጨርሶልናል። ስለዚህ ራም ላይ ሸጋ ሆኖ የሮጠ ቡትሎደር ከፍላሽ ሲነሳ ድምፁ ላይሰማ ይችላል። ይህን የሚፈትሽ አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ከፍላሽ ማስነሳት። የመጀመሪያውን ቦርድ ኮረብታው ላይ ሳይሆን ሱቅ ውስጥ፣ ክሊፑ አጠገብ ተዘጋጅቶ የጻፍነው ለዚህ ነው። ተነሳ። ራሙንም በትክክለኛ መጠኑ አወቀው። ከዚያ ሴንሰሩ የሚልከውን ቁጥር ከላፕቶፕ እያስመሰልን፣ ከ1 ሺህ እስከ 3 ሺህ ያለውን ሁሉ እያዥጎደጎድንበት አጠፋን አበራን። ሁሌም ተነሳ።

ኮረብታው ላይ

ሌሎቹን በየቦታቸው ነው የቀየርናቸው። መብራቱን ነቅለን በመኪና ባትሪ አሠራን፤ ክረምት ላይ መብራት አምኖ ፍላሽ አይደመሰስም። ሥራውን የሚሠራው ራም ላይ የተነሳው አዲሱ ዩ-ቡት ራሱ ነው። ዩ-ቡት ሲነሳ ራሱን ወደ ራም ገልብጦ ከዚያ ነው የሚሮጠው። ፍላሹ ላይ ያለው ቡትሎደር በሙሉ ቢደመሰስ እንኳ የሚሮጠው አይሞትም። ይህን ማወቅ የእጅን መንቀጥቀጥ ያስቀራል። ከመደምሰስ በኋላ ነገር ከተበላሸ ቦርዱ ገና በሕይወት ነው፤ ሌላ ፋይል ልኮ እንደገና መጻፍ ይቻላል። የማይቻለው ማጥፋትና ሪሴት ማድረግ ነው። ያለቀለት ቦርድ አብዛኛውን ጊዜ ያለቀለት አንድ ሰው በድንጋጤ ሪሴት ሲጫን ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አጥብቀን ያዝን። የተላከውን ፋይል ሲአርሲ ራም ላይ አስልተን ላፕቶፑ ላይ ካለው ጋር እናስተያያለን። እንደመስሳለን። እንጽፋለን። ከዚያ የተጻፈውን ከፍላሽ መልሰን ሌላ የራም ቦታ ላይ አንብበን ከዋናው ጋር ባይት በባይት እናወዳድራለን። ሁሉም ባይት እኩል ነው ካላለ ማንም ብሬከር አይነካም።

ከታንከሮቹ አንዱ ጋ ይህ ጥንቃቄ ጠቀመን። መደምሰሱ «ተሳክቷል» አለ። መጻፉ «ተሳክቷል» አለ። ማወዳደሩ ግን ገና መጀመሪያው ላይ አይገጥምም አለ። ባልደረባዬ ደግሞ ጻፈው፤ ያው። ከፍላሹ የተነበበውን ስክሪን ላይ አውጥተን ስናየው ባዶም አይደለም፣ አዲሱም አይደለም። የድሮው 1.1.3 ነው፣ አንድም ባይት ሳይነካ።

ቺፑ ተቆልፎ ነበር። እነዚህ ፍላሾች በስቴተስ ሬጅስተራቸው (ቺፑ የራሱን ሁኔታ በሚይዝበት ትንሽ ቦታ) ውስጥ የመከላከያ ቢቶች አሏቸው። በዚህኛው ላይ የታችኛው 256 ኪሎባይት እንዳይነካ ተደርጓል። የሚያታልለው፣ የተቆለፈ ቦታ ላይ ደምስስ ወይም ጻፍ ሲባል ቺፑ እምቢ አይልም፤ ትእዛዙን ዝም ብሎ ያልፈዋል። ሶፍትዌሩም ቺፑ ሥራ መጨረሱን እንጂ ምን እንደሠራ አይጠይቅም። ስለዚህ «ተሳክቷል» ይላል። ቀድሞ ምልክት ሰጥቶን ነበር፦ የዚያ ታንከር ሰዎች «ቡትሎደሩ ላይ የምናስቀምጠው ቅንብር ሲጠፋ ይረሳል» ብለውናል። የቅንብሩ ቦታ ከ192 እስከ 256 ኪሎባይት ነው፤ እሱም ቁልፉ ውስጥ ነው። አልረሳም፣ ከመጀመሪያውም አልተጻፈም።

ይህ ቁልፍ ሁሉን ስለሸፈነ ተረፍን። የቡትሎደሩን ግማሽ ብቻ የሸፈነ ቢሆን ኖሮ ታቹ አሮጌ፣ ላዩ አዲስ የሆነ ነገር ይቀር ነበር፤ «ተሳክቷል» የሚለውን አምኖ ሪሴት ያደረገ ሰው ቦርዱን አያገኘውም። በዩ-ቡት የመክፈቻ ትእዛዝ ቁልፉን አነሳን፣ ደምስሰን ጻፍን፣ አወዳደርን። ገጠመ። ከዚያ የቡትሎደሩን ቦታ መልሰን ቆለፍነው፤ ሐሳቡ ጥሩ ስለሆነ። ሌሎቹንም ሄደን ቆለፍናቸው። በእነዚህ ቢቶች ቡትሎደሩን በሙሉ የሚሸፍነው ትንሹ ቁልፍ 256 ኪሎባይት ስለሆነ ቅንብሩም አብሮ ተቆልፏል። ለእኛ ይህ ይሻላል። መነሻ ቅንብሩ ቡትሎደሩ ውስጥ ስላለ የሚቀየር ነገር የለም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ክረምት እንደ ወትሮው ነበር፤ መብራቱ ሄደ፣ መጣ። በደምበጫው ታንከር ቦርዱ ሞልቶም ጎድሎም ይነሳል። ጥበቃው ደውለው የነገሩኝ ይህንኑ ነው፤ «አሁን ውሃ አይመርጥም» አሉ። በአንዱ ታንከር ላይ ብቻ ቦርዱ አንዴ ደርቆ ዋችዶጉ እንዳስነሳው ሊኑክሱ መዝግቧል። ማንም ሳያውቀው ነው የሆነው፣ መሆን ያለበትም እንደዚያ ነው።

ሊኑክሱን ከደብረ ማርቆስ ሆነን በሬዲዮ እንቀይራለን። ቡትሎደሩን ግን በርቀት አንነካም፤ ቢወደድም ቢርቅም ሰው ይሄዳል። የማቆሚያው ቃል በየሳጥኑ በር ውስጠኛ በኩል ተለጥፏል፣ ከጎኑ የሴንሰሩን ማገናኛ መጀመሪያ ንቀሉ የሚል አለ። የየቦርዱ ባክአፕ ሁለት ቦታ ተቀምጧል፦ አንዱ እኛ ጋ፣ አንዱ ፓምፕ ቤቱ ቁምሳጥን ውስጥ በፍላሽ ዲስክ።